አንፈርምም!

ባለፈው ሰኞ ማታ አንዲት ባለመስመር ወረቀት በመኝታ ክፍላችን በር ሥር ሾልካ ገባች። ከአናቷ ላይ በትልልቁ «ልጅ ነውና ይማር!» ትላለች። ከሥር የስምና የፊርማ መስመር ተደርድሯል፤ የሚበዛው መስመር ተሞልቶ ነው የደረሰን። ሰባት ሆነን በሁለት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን አነበብናት። አንዳችን እስክሪብቶ አወጣ። ሌላው «ቆይ እስቲ» አለ። ያቺ «ቆይ እስቲ» እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አከራከረችን። ሲነጋ ወረቀቷን ሳንፈርም መለስናት።

ከዚያ ወዲህ ያልወጣልን ስም የለም። ጨካኞች ተባልን፤ አስመሳዮች ተባልን፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጆሮ ጠቢዎችም ተባልን። እንግዲያው በየጥጋጥጉ ከምንታማ ለምን እንዳልፈረምን በዚህች መጽሔታችን ላይ በግልጽ መናገሩ ይሻላል ብለናል።

ነገሩን ላላየ ባጭሩ እነሆ። ከሁለት እሑድ በፊት እዚሁ ሻሸመኔ ላይ ከሌላ ኮሌጅ ጋር የእግር ኳስ ግጥሚያ ነበረን። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አጥቂያችን ያገባት ጎል ከጨዋታ ውጪ ተብላ ተሻረች። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን እንዳነሣ ቆሟል። ልጃችን ከጎሉ አፍ ተነሥቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠና በቡጢ ቅንድቡን ተረተረው። ሰውየው ወደቀ። ሆስፒታል ተወስዶ አራት ቦታ ተሰፋ።

ይህ ዳኛ ማነው? በሥራ ቀን በገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለትንሽ አበል ባንዲራ ይዞ መስመር ለመስመር የሚሮጥ ሰው ነው። ዕድሜው 24 ነው። አዎን፣ 24! ከመቺው በሦስት ዓመት ብቻ ይበልጣል። በወረቀቷ ላይ ስለ ልጅነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህኛው ልጅ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ከመካከላችን ሁለቱ ሊጠይቁት ወደ ተከራየው ክፍል ሄደው ነበር። ሻይ አፍልቶ አስተናገዳቸው። ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው፦ «ተማሪዎቼ ቲቸር ማን መታህ ይሉኛል። የኮሌጅ ተማሪ ነው ልበላቸው?»

መልስ አጥተው ተመለሱ። እኛም እስካሁን መልስ አላገኘንም።

አሁን ወደ ወረቀቷ እንምጣ። ተጠየቅ ልጠየቅ እንበላት! ወረቀቷ ሦስት መከራከሪያ ታቀርባለች። አንደኛ ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ስሜት ነው ያሳሳተው፤ ሦስተኛ ተሰጥኦው እንዳይባክን።

ከልጅነቱ እንጀምር። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ለወጣት ጥፋተኞች በተለየ እርምጃ ይታረማል። ከ15 እስከ 18 ያለው እንደማንኛውም ሰው ይጠየቃል፤ ዳኛው ግን ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ሕጉ ለልጅነት ቦታ የሰጠው በደረጃ በደረጃ ነው። የኛ ልጅ ግን 21 ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መሐንዲስ ሆኖ ድልድይ ሊሠራልን ነው። አምና ስለ ምግቡ ጉዳይ «እኛ በራሳችን የምናስብ ዜጎች ነን» ብለን ለአስተዳደሩ ማመልከቻ ስንጽፍ ይህ ልጅ ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበር። እንዴ! ለመምረጥ አዋቂ፣ ለመሟገት አዋቂ፣ ለመማታት አዋቂ፤ ሲጠየቁ ጊዜ ሕፃን! እንዲህ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ዕድሜ በየት አገር ነው ያለው?

«የስፖርት ሜዳ ግን ልዩ ነው» የሚሉን አሉ። መልካም፤ ሜዳውን በሜዳ እንመልስ። ከዚህ ከሻሸመኔ በኮፈሌ አድርጎ ወደ በቆጂና ወደ አሰላ የሚወጣውን መንገድ የማያውቅ የለም፤ የሯጮች አገር ነው። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1992 (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የስፖርት ዓመቶችም በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ሴኡል ላይ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ሮጠ። አብሮት የሮጠው ኬንያዊው ጆሴፋት ማቹካ ነበር። ኃይሌ ብዙውን ዙር ተረከዝ ተረከዙን ሲከተለው ቆይቶ መጨረሻው ላይ ሊያልፈው ሲል ማቹካ ተናደደና ከኋላው በቡጢ መታው። ኃይሌ መልሶ አልመታም፤ ሮጦ አሸነፈ። ማቹካ ሁለተኛ ሆኖ ቢገባም ከውድድሩ ተሰረዘ።

ልብ በሉ፤ ውድድሩ የወጣቶች ነው። ኃይሌ 19 ዓመቱ ነበር፤ ማቹካ 18። ያን ዕለት ልጅነት ምክንያት ይሁን ከተባለ በዚያ ሜዳ ላይ የሚጠየቅ አንድም ሰው ባልኖረ። ግን መቺውም ልጅ፣ ተመቺውም ልጅ! አንዱ እጁን ሰነዘረ፤ ሌላው እጁን ለሩጫው ተጠቀመበት። እንግዲህ ልጅነት ሁለቱንም እኩል ያገኘ ነገር ከሆነ፣ ቡጢውን የወለደው ልጅነት ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ቡጢውን የወለደው ውሳኔ ነው። የአንዲት ቅጽበት ውሳኔ ነው፤ ቢሆንም ውሳኔ ነው።

አድልዎ እንዳይመስልብን የራሳችንንም እንጨምር። በዓመቱ፣ በ1993፣ ሽቱትጋርት ላይ ይኸው ኃይሌ የኬንያዊውን የሞሰስ ታኑይን ተረከዝ ረገጠና ጫማውን አስወለቀው። ኃይሌ አሸነፈ፤ ተመልካቹ ጮኸበት፤ የኬንያ ቡድን ቢያመለክትም ውጤቱ ጸደቀ። ለምን? በሩጫ መካከል እግር እግርን መርገጥ አጋጣሚ ነው። ሜዳ አቋርጦ ሄዶ ሰው መማታት ግን አጋጣሚ አይደለም። የኛ ልጅ ተደናቅፎ ዳኛው ላይ ወድቆበት ቢሆን ኖሮ እኛም ወረቀቷን በሁለት እጃችን በፈረምን።

ሁለተኛው መከራከሪያ ስሜት ነው። እዚህ ላይ የሥነ ልቡና ተማሪ የሆነ አንድ ወንድማችን መጽሐፍ ይዞ መጣብን። «ስሜትን የሚገታው፣ መዘዝን የሚያመዛዝነው የአእምሮ ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አይጨርስም» አለን። እውነቱን ነው፤ አንክድም። ግን ያው ያልበሰለው አእምሮ በዚያው ጨዋታ የፍፁም ቅጣት ምት ሲመታ በረኛው እስኪወድቅለት ታግሦ በሌላው ጥግ አላስቀመጣትም? ለኳሷ የተገኘው ትዕግሥት ለሰው ቅንድብ እንዴት ጠፋ?

ደግሞም ሳይንስ ከተጠራ ምስክርነቱን እስከ መጨረሻው ይስጥ! በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 306 ሰዎችን በሦስት የዕድሜ ክፍል መድበው፣ ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22፣ ከ24 በላይ፣ በመኪና መንዳት ጨዋታ ፈተኗቸው። ገሚሶቹ ብቻቸውን ተጫወቱ፤ ገሚሶቹ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ቆመው። ታዳጊዎቹና ወጣቶቹ እኩዮቻቸው ሲያዩዋቸው ይበልጥ አደጋ ደፈሩ፤ በትልልቆቹ ላይ ግን የእኩያ መኖር እምብዛም ለውጥ አላመጣም።

ታዲያስ? ምስክር አድርጋችሁ የጠራችሁት ሳይንስ በማን ላይ መሰከረ? በእኛ ላይ ነዋ! በዚያ እሑድ ዳር ይዞ ቆሞ የነበረው እኩያ ማን ነበር? ልጁ ወደ ዳኛው መሮጥ ሲጀምር «በለው! በለው!» ያለው አፍ የማን ነበር? ከሰባታችን አምስታችን ጮኸናል። የቀሩት ሁለቱ ዝም ብለዋል፤ ዝምታቸውን ግን እንደ ንጽሕና አልቆጠሩትም። ከወረቀቷ ፈራሚዎች መካከልም ከእኛ በላይ የጮኹ እንዳሉ እናውቃለን፤ አጠገባችን ነበሩና።

ሦስተኛው መከራከሪያ ተሰጥኦ ነው። እዚህ ላይ ነገርዬው ጭምብሉን አወለቀ። አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ። ኳስ የማይነካ፣ ማንም ስሙን የማያውቀው አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በር ጠባቂውን በቡጢ ቢመታ ኖሮ «ልጅ ነውና ይማር» የምትል ወረቀት በየበሩ ሥር ትሾልክ ነበር? እርሱ እኮ 18 ዓመቱ ነው፤ ይበልጥ ልጅ ነው! እስቲ ደረታችሁን ነክታችሁ መልሱ። አትሾልክም። እንግዲያው ወረቀቷ ልጅነት የምትለው ጎል የሚያገባ ቀኝ እግር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በግልጽ «አጥቂ ነውና ይማር» ብላችሁ ጻፉት፤ ቢያንስ እውነት ይሆናል።

እስከዚህ ያነበበ «እንግዲያው እናንተም ከይባረር ባዮቹ ናችሁ» ሊለን ይችላል። አይደለንም! በሌላው ወገን «ይባረር፣ ለፖሊስ ይሰጥ፣ ለሌላው መቀጣጫ ይሁን» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እነሱንም አንከተልም። ለምን?

ልጁ ከዚህ ቡጢ የደረሰው ብቻውን አይደለም። አምና ለፈተና ሳይቀመጥ ሲቀር «ቡድኑ ይፈልገዋል» ተብሎ ሌላ ፈተና ተዘጋጀለት። ዘንድሮ በልምምድ ላይ የገዛ ጓደኛውን በጥፊ ሲመታ አሠልጣኙ «ወኔ አለው» ብሎ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ከዚያ እሑድ ጨዋታ ስንመለስ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ከአጠገቡ ተቀምጦ «ሰደበኝ በል» ብሎ ሲመክረው በጆሯችን ሰምተናል። ጥፊው በሳቅ ታለፈ፤ ቡጢው በውሸት ሊታለፍ ነው። ልጁን ዛሬ አባርረን አሠልጣኙን፣ መካሪውንና እኛን ጨዋታ ተመልካቾቹን ነገ በቦታችን ካስቀመጥን ምን አተረፍን? በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አጥቂ ይመጣል፤ ያው ትምህርት ይጠብቀዋል።

ይህ የእኛ መንደር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር የአበረታች መድኃኒት ቁጥጥራቸው አስቸኳይ እርማት ያስፈልገዋል ካላቸው 5 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ጉድለቱ የአገር ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በዳኤጉ ማራቶን የሮጠ አንድ ወጣት ሯጭ ሜልዶንየም የተባለው መድኃኒት ተገኘበት፤ መድኃኒቱ የተከለከለው በዚያው ዓመት ከጥር 1 ጀምሮ ነበር። ወጣቱ በ22 ዓመቱ፣ በ2017፣ 3 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በአገራችን በዚህ ጥፋት የታሰረ የመጀመሪያው ስፖርተኛ ተባለ። ስሙን እዚህ አናነሣም፤ በቂ ተነሥቷል። ጥፋት የለበትም አንልም። ግን መድኃኒት በእግሩ ሄዶ አፍ ውስጥ አይገባም። የሚያመጣው፣ የሚሸጠው፣ የሚያዘው፣ አይቶ ዝም የሚለው ሰው አለ።

ፈረንጅም ቢሆን ከዚህ አልዳነም። በ2022 የቤጂንግ ክረምት ኦሊምፒክ የሩስያዋ የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪ ካሚላ ቫሊየቫ ገና 15 ዓመቷ ነበር። የተከለከለ የልብ መድኃኒት ተገኘባት፤ የአያቴ መድኃኒት ነው የነካካኝ አለች። ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ፣ በጥር 2024፣ የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት 4 ዓመት አገዳት። ዓለም በሙሉ «ከዚህች ሕፃን ጀርባ ያሉት አዋቂዎችስ?» ብሎ ጠይቋል። የ4 ዓመቱ እገዳ ግን የወደቀው በልጅቷ ትከሻ ላይ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል። «ልጅ ነውና ይማር» ባዩ ማንም እንዳይጠየቅ ይፈልጋል። «ይባረር» ባዩ ልጁ ብቻውን እንዲጠየቅ ይፈልጋል። በሁለቱም መንገድ ትልልቆቹ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ!

መላው ከእግራችን ሥር ነበር፤ ርቀን ፈለግነው። ይህ የተቀመጥንበት አገር የአርሲ ኦሮሞ አገር ነው። እዚህ ነፍስ ሲጠፋ ጉማ የሚባል ሥርዓት አለ። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ገዳዩ «አላደረግሁም» እያለ እርቅ የለም፤ ጥፋቱ ይታመናል። ከታመነ በኋላ ግን ካሣውን ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም። ጎሳው ያዋጣል፤ ያልገደለው፣ በቦታው ያልነበረውም ያዋጣል። አስተውሉ! ማንም «ልጅ ነውና ይቅር» አላለም፤ ማንም «እሱ ነው፣ እኛ ምን አገባን» አላለም። «የኛ ነው፤ እንከፍላለን» ነው ያለው። ባላጠፋው የሚከፍል ሰው ደግሞ ነገ ልጁ እጁን ሲያነሣ ቆሞ «በለው» አይልም፤ ኪሱ ያውቀዋልና።

የእኛም እምነት ይኸው ነው። ልጅነት ዕዳ አይሰርዝም፤ ልጅነት ዋስ ይጠራል። አጥፊው ባነሰ ቁጥር ከጎኑ መቆም ያለበት ዋስ ይበዛል እንጂ ዕዳው አይጠፋም።

«ይማር» የምትለዋ ቃል እኮ ሁለት ፍች አላት። ምሕረት ያግኝ ማለትም ነው፤ ትምህርት ያግኝ ማለትም ነው። ወረቀቷ የመጀመሪያውን ይዛ ሁለተኛውን ጣለች። እኛ ሁለቱንም እንፈልጋለን፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። ስለዚህ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ሌላ ወረቀት አዘጋጅተናል። የሚለውም ይህ ነው።

አንደኛ፣ ልጁ በራሱ እግር ወደ ዳኛው ቤት ይሂድ። ሽማግሌ ይዞ ይሂድ፤ ሽማግሌ ልኮ አይቅር። «ሰደበኝ» የሚለውን ውሸትም በዳኛው ፊት ያንሣ።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ዓመት በኮሌጁ ማሊያ አይጫወት። ከትምህርቱ ግን አይባረር። ዓመቱ ሲሞላ የሚመለስበት ቀን ከአሁኑ በጽሑፍ ይቀመጥለት። በር ያልተተወለት ቅጣት ቅጣት ሳይሆን ጥላቻ ነው። ሴኡል ላይ የተሰረዘው ማቹካ ከአራት ዓመት በኋላ በ1996 አትላንታ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ከኃይሌ ጋር ተሰልፎ 5ኛ ወጥቷል። የእኛው ምሩፅ ይፍጠርም በ1972 ሙኒክ ላይ ለ5,000 ሜትር ሳይሰለፍ ቀርቶ ስንት ወቀሳ ተሸክሟል፤ በሩ ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮ የ1980 የሞስኮ ሁለት ወርቆች ከየት ይመጡ ነበር?

ሦስተኛ፣ አሠልጣኙና አውቶቡስ ውስጥ ምክር የሰጡት ሰው በዚያው ኮሚቴ ፊት፣ በዚያው ቀን፣ ከልጁ ጎን ይቁሙ። ልጁ የሚጠየቀውን ይጠየቁ።

አራተኛ፣ የዳኛው የሕክምና ወጪና ከሥራ የቀረበት ቀን ካሣ ይከፈል። የስፖርት ክፍሉ፣ አሠልጣኙና ልጁ የድርሻቸውን ያውጡ፤ የቀረውን «በለው» ያልን እኛ ከየኪሳችን እናዋጣለን። እኛ ሰባታችን የየድርሻችንን አስቀምጠናል።

አምስተኛ፣ ዳኛው ፈቃዱ ከሆነ ከመካከላችን ጥቂቶች ልጁን ይዘን ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ሕፃናቱ «ቲቸርን ማን መታው?» ሲሉ መልሱን ከአስተማሪያቸው አፍ ሳይሆን ከመቺው አፍ ይስሙት። ይህ ከሁሉም የሚከብድ እንደሆነ እናውቃለን። እዚያ መቆም የቻለ ወጣት ግን ከዚያ ወዲያ ማንም ልጅ ነው አይለውም፤ እሱም አይፈልገውም።

ወረቀታችን ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከአናቱ ላይ «በለው ብለናልና እንከፍላለን» ይላል። ከሥሩ ሰባት ስም አለ፤ የቀረው መስመር ባዶ ነው። በዚያ እሑድ ሜዳው ዳር ድምፅ የነበራችሁ ሁሉ፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።